ለዳቦ ጋጋሪዋ አማላጅ፦ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ

ኦክላንድ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ከቤት የወጣሁት ለሽምግልና ነው። ሴት ብቻዋን ሽማግሌ ሆና ስትላክ አይቼ አላውቅም፤ ነገር ግን ማርታ ሌላ የምትልከው ሰው አጣች። የለመነቻቸው ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ታክሲ ይነዳሉ። ሦስተኛው «እዚህ አገር የሰው ቤት ጉዳይ ውስጥ አይገባም» አሏት።

ማርታ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖር ወጣት ናት። የተወለደችው እዚሁ ነው። ኩፐርቲኖ በምትባል ከተማ ኢንጂነር ነበረች፤ አምና ሥራዋን ለቃ ዳውንታውን ኦክላንድ ዳቦ ጋጋሪ ሆነች። አባቷ ጋሽ ታደሰ ታክሲ እየነዱ ነው ያስተማሯት። «ለሊጥ ነው ያስተማርኩሽ? ደጄን እንዳትረግጪ!» ብለው ዘጉባት፤ ስልኳንም አያነሱም። አሁን የልብ ኦፕሬሽን አለባቸው፤ ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ማርታ ይህን የሰማችው ከአክስቷ ልጅ ነው። ከማክሰኞ በፊት አባቷን ማየት ትፈልጋለች፤ ሌላ ጥያቄ የላትም።

«እትዬ ሙሉ፣ ፕሊዝ» አለችኝ ደጄ ላይ ቆማ። «አባዬ አንቺን ሪስፔክት ያደርጋል።»

አዲስ የመጣሁ ጊዜ የእሳቸው ቤት የጓሮ ክፍል ተከራይ ስለነበርኩ ነው።

«ያከብሩኛል እንጂ አይፈሩኝም» አልኳት።

«ዛትስ ዋይ! ለዚህ'ኮ ነው!» አለችና ትኩስ ዳቦ በወረቀት ከረጢት አስታቀፈችኝ። ታላቅን በእርስዎ መጥራት አልተማረችም፤ ዳቦዋ ግን ጨዋ ነው።

ወደ ደቡብ

ባቡሩን ሌክ ሜሪት ጣቢያ ያዝኩ። ከመሬት ሥር ሲወጣ የመጋዘኖች ጀርባ፣ የተደራረቡ ኮንቴይነሮች፣ ሰዎች ስማቸውን በትልልቁ በቀለም የጻፉበት ግንብ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ መጋዘን ያልፋል። ኮረብታዎቹ ሣራቸው ደርቆ የአንበሳ ቆዳ መስለዋል። አጠገቤ የሥራ ሰደርያ የለበሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተኝቶ ነበር፤ ሄይዋርድ ጣቢያ ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰው ነቅቶ ወረደ። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ የለም።

እኔም መጽሐፌን አወጣሁ። ቀን አረጋውያንን እንከባከባለሁ፣ ማታ ኮሌጅ ታሪክ እማራለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ሌላው ሰው በጨረሰበት ዕድሜ ስለሆነ አንድ ገጽ ሁለቴ ካላነበብኩ አላልፍም። የዘንድሮ የጥናት ጽሑፌ ስለ መካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ንግሥቶች ነው።

ንግሥት ሲባል ዙፋን ላይ ሆና የምታዝ ይመስለኝ ነበር። አብዛኞቹ ግን የንጉሥ ሚስቶች ናቸው፤ ከባሕር ማዶ በልጅነት ተድረው፣ የሕዝቡን ቋንቋ ሳያውቁ፣ ወገን በሌለበት አገር የሚኖሩ። ኤሌኖር የምትባለው ከልጆቿ ጋር አምፃለች ብሎ ባሏ ከአሥር ዓመት በላይ አሰራት፤ እሱ ሲሞት ወጥታ ለልጇ አገር ጠበቀች፤ ልጇ ሲማረክም የማስለቀቂያውን ገንዘብ አሰባሰበች። የአብዛኞቹ ኃይል ግን ምልጃ ነበር። የንጉሥ ኤድዋርድ ሚስት ፊሊፓ፣ ባሏ ካሌ የምትባለውን የፈረንሳይ ከተማ በረሃብ አንበርክኮ ስድስት ነዋሪዎቿን ሊገድል ሲል፣ መኳንንቱ ለምነውት እምቢ ቢልም እሷ ተንበርክካ አስማረቻቸው። ዜና መዋዕሉ ነፍሰ ጡር ነበረች ይላል። የኋላ ጸሐፊዎች ስለሚጠራጠሩ እኔ «ይባላል» ብዬ አለፍኩት።

ያስከፋኝ የመጽሐፉ ማጠቃለያ ነው። የንጉሥ ቃል ስለማይታጠፍ፣ ሊምር የፈለገ ንጉሥ እንድትንበረከክ ከንግሥቲቱ ጋር አስቀድሞ ይመካከር ነበር ይላል። እንባዋ ቲያትር ነበር ማለት ነው? መጽሐፉን ዘጋሁት።

ሳን ሆዜ

በርየሳ ጣቢያ ወርጄ አንድ የቬትናም ሳንድዊች በዘጠኝ ዶላር ገዛሁ። ቃሪያው ዓይን ያስለቅሳል። ግማሹን ቆሜ በላሁና አውቶቡስ ያዝኩ፤ ሁለት ዶላር ተኩል። ሰፈሩ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች የተደረደሩበት ነው፤ ሎሚ በየአጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን የለም።

ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ከፈቱልኝ። ሹራባቸው ሰፍቷቸዋል።

«ሙሉ! መጽሐፉ አልቆብሽ ሰው አማረሽ?»

«ደኅና ነዎት ጋሼ?»

«ቢላ እንደተሳለለት በግ! ግቢ፣ ተቀመጪ።»

ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። «አልቀመጥም» አልኩ።

ገባቸው። ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት እንደማይቀመጥ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ፈገግታቸው ጠፋ።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«በዚህ ሁሉ ሐበሻ መሀል ሦስት ሽማግሌ ጠፋ?»

«ታክሲ ላይ ናቸው።»

ሊስቁ ብለው ደረታቸውን ያዙ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ድምፁ የጠፋውን ቴሌቪዥን ማየት ጀመሩ።  ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም።

«እግርሽን አሳመምሽው።»

«ይመም።»

«ልጅ የለኝም ብያለሁ። ሰው ሰምቷል።»

«የማክሰኞውን ሰምታለች። እንቅልፍ የላትም።»

«ታዲያ ለምን አልመጣችም?» አሉ ድንገት ጮኸው።

«ደጄን እንዳትረግጪ አሏታ!»

«ማለትማ ብያለሁ!» ዓይናቸው አሁንም ቴሌቪዥኑ ላይ ነው።  «እኔ'ኮ ሰው ይመጣል ብዬ ነበር። በፋሲካ ይመጣሉ አልኩ። በመስቀል ይመጣሉ አልኩ። አገር ቤት ቢሆን በሳምንቱ ደጄ ይሞላ ነበር። እዚህ ማን ይምጣ? እኔ ልደውል? በየትኛው አፌ?»

የመጽሐፉን ማጠቃለያ ያን ጊዜ ተረዳሁት። ንጉሡም በሩን በሩን ሲያይ ነበር የሚከርመው። ንግሥቲቱ ባትገባ ኖሮ ስድስቱ ሰዎች ይሞቱ፣ እሱም ቃሉን እንደታቀፈ ይቀር ነበር። እንባዋ የእውነት ነበር፤ የእሱም መጠበቅ የእውነት ነበር።

«እንግዲህ መጥቻለሁ» አልኳቸው። «ስለ እመብርሃን ይማሯት።»

ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «ምሬያታለሁ። በይ አሁን ተቀመጪ።»

ደውዬ ስልኩን ሰጠኋቸው፤ ይዘውት ማድ ቤት ገቡ። በሩ ሳይዘጋ የሰማሁት «አንቺ ልጅ… በቃ፣ አታልቅሺ፣ ክራይ አታድርጊ… ዛሬ ሊጡን ማን ሊያቦካው ነው ታዲያ?» የሚለውን ነው። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። «እየነዳች ነው» አሉኝ። ጠረጴዛ ይጠርጋሉ፣ ወንበር ይጎትታሉ። «ሻይ ትጠጫለሽ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ መልሴን ግን አልሰሙም። መንገድ የዘጋሁባቸው ያህል ተሰማኝ።

«ልሂድ ጋሼ።»

«ቆይ እንጂ፣ እሷ ታድርስሽ!» አሉ። ዓይናቸው ግን መስኮቱ ላይ ነበር። ደኅና ይዋሉ ብዬ ወጣሁ።

መመለሻ

ዜና መዋዕሉ ስድስቱ ሰዎች ልብስና ምግብ ተሰጥቷቸው እንደተሸኙ ይናገራል። ባቡር ውስጥ ደግሜ ፈለግሁ፤ ፊሊፓ ያን ቀን ማታ ከማን ጋር እንደተቀመጠች የጻፈ የለም።

ሲመሽ ኦክላንድ ደረስኩ። የጥናት ጽሑፌ ላይ «ምልጃ አስቀድሞ የተመከረበት ሥርዓት ነበር» ከሚለው ሥር «ስለዚህም ያለ አማላጅ አይሆንም ነበር» የሚል ጨመርኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ለመምህሬ አልጻፍኩትም። ጋሽ ታደሰና ማርታ ተኳርፈውም አባትና ልጅ ነበሩ። እኔ በዚህ ከተማ የተቀየመኝ ሰው የለም፤ ሽማግሌ የምልክበት ደጅም የለኝም። ኩርፊያም ዘመድ ይፈልጋል።

ሌላ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት የማርታ ኮቴ ከጣሪያዬ በላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ዛሬ ምንም የለም። መብራቱን አጥፍቼ ያንን ዝምታ አዳመጥኩት፤ እኔው ሄጄ ያመጣሁት ነው።