የባካፑ ሠርግ

አሶሳ፣ ኮምፒውተር በምጠግንበት መሥሪያ ቤት፣ የፋይል ቅጂ የሚቀመጥበት የባካፑ ሃርድ ዲስክ ሞልቶ አዲስ ፋይል አልቀበል አለ። ምን እንደዋጠ ለማየት ስከፍተው የሥራ ነገር አይደለም፤ ሠርግ ነው። የንብረት ክፍሉ አቶ አልማሂ፣ ቤት ካለ ቫይረስ ይበላዋል ብለው የሠርጋቸውን ቪዲዮ በሙሉ እኛ ላይ አስቀምጠውታል።

ዛሬውኑ እንደማጠፋው ስነግራቸው ፍላሽ ይዘው መጡ። ፍላሹ ትንሽ ስለሆነ፣ በክፍል በክፍል ከተቆራረጠው ቪዲዮ አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው።

«እንግዲህ ይምረጡ» አልኳቸው።

አጠገቤ ተቀምጠው አንድ በአንድ አየን። ሚዜዎቹ ፎቶ ሲነሱ፤ «ይጥፋ።» ኬኩ ሲቆረስ፤ «እሱም ይጥፋ።» ቀጥሎ የአገሩን መለከት፣ ዙምባራን የሚነፉ ሰዎች መጡ። መሃላቸው አንድ ሽማግሌ ጉንጫቸውን ወጥረው ይነፋሉ። አቶ አልማሂ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ይሄን ያዝልኝ። የሚስቴ አባት ናቸው። አምና ሞቱብን።»

ገለበጥኩላቸው። እዚህኛው ክፍል ላይ ግን ሙሽራው የለም።

«እርስዎስ? በገዛ ሠርግዎ አንድ ቦታ እንኳ ሳይታዩ ሌላውን ልሰርዘው?»

ፍላሹን ነቅለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔማ አለሁ» አሉ። «አጥፋኝ።»