በእንሰቱ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ

ዘቢዳር ተራራ ላይ ባለው የእንግዳ ቤት ያደረ ሰው ሁሉ ጋሽ ሸምሶን አይቷል። እሱ ባያያቸው እንኳ እሳቸው አይተውታል።

እኔ የዚያው መንደር ልጅ ነኝ፤ ቡታጅራ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። የቤቱን እንግዶች ከመናኸሪያ ተቀብዬ መንገዱ እስከሚያልቅበት የማደርሳቸው እኔ ነኝ፤ ከዚያ በላይ ዳገት ስለሆነ በእግራቸው ይወጣሉ። ሲወጡ የሚያወሩት ስለ ተራራው ነው። ሲወርዱ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ጋሽ ሸምሶ ይሆናል።

«ሹፌር፣ እንሰቱ ውስጥ የሚቀመጡት ሰውዬ ምን ሆነው ነው?» ይሉኛል።

ምንም አልሆኑም። ይጠረጥራሉ።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም ይባላል። በጉብዝናቸው ጊዜ ከመስቃን ገበሬ በርበሬ እየሰበሰቡ ቡታጅራ የሚያወርዱ ቀልጣፋ ነጋዴ ነበሩ። ያን ትልቅ የሳር ቤት ያሠሩት በዚያ ንግድ ነው፤ ምሰሶው ሲቆም የመንደሩ ወንድ ሁሉ ተጠርቶ እንደነበር አባቴ ነግሮኛል። ዙሪያውን እንሰት የተከሉት ባለቤታቸው እትዬ ሳሌሃ ናቸው። ኋላ አብሯቸው ከአንድ ገበታ የሚበላ ሸሪካቸው እርጥብ በርበሬ ከደረቁ ሥር ደብቆ በእሳቸው ስም ሸጠና ስማቸው ገበያ ላይ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋ ተረት ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። ንግዱንም ትተው ተራራው ላይ ቀሩ።

እትዬ ሳሌሃ ሲሞቱ ጋሽ ሸምሶ ትልቁን ቤት ዘግተው ማድ ቤቷ ውስጥ መኖር ጀመሩ። ወንዱ ልጃቸው ሙንታሲር መርካቶ ሱቅ አለው፤ የሚመጣው ለዓረፋ ብቻ ነው። ቤቱን መልሳ የከፈተችው ሴቷ ልጃቸው ሩፋይዳ ናት። ወልቂጤ የሆቴል ሥራ ተምራ ስትመለስ የከብቱን ጋጥ ጠራርጋ አልጋ አስገባችበት፤ መጸዳጃ ቤት አሠርታ፣ ፎቶ አንሥታ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈችው። እኛ ሳቅንባት። ብርድ ላይ ለማደር የሚከፍል ሞኝ ማን አለ ብለን። መጡ እኮ! ቅዳሜና እሑድ ሲሆን እኔም ሌላ ተሳፋሪ መፈለግ ተውኩ።

ጋሽ ሸምሶ ግን እንቅልፍ አጡ። «ከተማ ሞቃት አልጋ ያለው ሰው ተራራ ላይ ምን ያሳድረዋል? መሬት ሊያይ ነው እንጂ!» ይላሉ። አንዱ በመነጽር ወፍ ሲመለከት ሄደው ከፊቱ ተገተሩ። ወፍ እያየሁ ነው ቢላቸው፣ «እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ በባዶ ዓይን አይተነዋል፤ አንተ ምን የተለየ ወፍ አለህ?» አሉት። ቤቱን በእርሳስ የሳለችውን ልጅማ «የማን ልጅ ነሽ?» እያሉ እስከ አያቷ ስም አስቆጠሯት። ሲመሽ እንሰቱ ሥር ኩርሲ አስቀምጠው ጋቢ ተከናንበው ይጠብቃሉ። አንድ እንግዳ ኢንተርኔት ላይ «ቤቱ ያምራል፣ ቆጮውና አይቤው ይጣፍጣል፤ ሆኖም እንሰቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ» ብሎ ጻፈ። ሩፋይዳ እያፈረች ስታነብላቸው ደስ አላቸው። «ጎሽ! እንዳየኋቸው ይወቁ» አሉ።

ባለፈው ዓመት ሙንታሲር ደውሎ ሦስት ወዳጆቼ ይመጣሉ፣ በደንብ ተቀበላቸው አላቸው። ጋሽ ሸምሶን እንደዚያ ቀን አይቻቸው አላውቅም። ኩርሲው ተነሣ፤ በግ ታረደ። ስማችሁ ማን ነው ብለው እንኳ አልጠየቁም፤ የልጄ እንግዳ የኔ እንግዳ ነው ብለው። በማግሥቱ ጠዋት እንግዶቹ መሬታችሁ እስከ የት ድረስ ነው ሲሏቸው፣ ራሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ከፊት እየመሩ ድንበሩን አዞሯቸው። ምንጩን አሳዩ፣ የወሰኑን ድንጋይ አሳዩ። ሌላ ሰው ያን ጥያቄ ቢጠይቅ በከዘራቸው አናቱን ይሉት ነበር።

ሩፋይዳ ከደጅ ሆና ታያለች። አንደኛው ሰውዬ በየወሰኑ ድንጋይ ላይ ስልኩን አስቀምጦ ትንሽ ይቆይና ያነሣዋል። ፎቶ አይደለም። አባቷን ለብቻቸው ጠርታ፣ «አባ፣ እነዚህ ሰዎች መሬት እየለኩ ነው» አለቻቸው።

«ወንድምሽ የላካቸውን?»

«እሱ ስለላካቸው እኮ ነው የፈራሁት።»

ያን ጊዜ ቁጣቸው ገነፈለ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። «አንቺ ምን አገባሽ? ነገ ባል አግብተሽ የሰው አጥር ውስጥ ትገቢያለሽ! የዚህ ቤት ምሰሶ ሙንታሲር ነው። ወይስ አንቺ ራስሽ ከአንዱ ጋር ተዋውለሽ፣ እነዚህ ቀደሙኝ ብለሽ ነው?»

ይህን ሁሉ እኔ አልሰማሁም፤ ታች ሆኜ እንግዶቹን እየጠበቅኩ ነበር። ሦስቱ ሰዎች ወርደው ባጃጄ ላይ ሲወጡ፣ ሹፌር ጆሮ ያለው አይመስላቸውምና ጨዋታቸውን ቀጠሉ። እንሰቱ ተነቅሎ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል፤ ከላይ ባለ ፎቅ ሎጅ ይቆማል። «ሽማግሌውስ?» አለ አንዱ። «ልጁ ዓረፋ ላይ ያስፈርማቸዋል፤ ከኛ ጋር ሸሪክ የሆነው በመሬቱ አይደል?» አለው ሌላው። መሪውን እንዴት እንደያዝኩት አላህ ያውቃል።

መናኸሪያ አራግፌያቸው ስመለስ ሩፋይዳን መንገዱ ማለቂያ ላይ ከነሻንጣዋ አገኘኋት። የሰማሁትን ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ሄደህ ለአባ ንገረው። እኔን አልሰማኝም፤ አንተን ይሰማህ እንደሆነ» አለችኝ።

ዳገቱን እያለከለክሁ ወጥቼ ነገርኳቸው። ጋሽ ሸምሶ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «አንተን ደግሞ ማን ላከህ?» አሉኝ። ተናድጄ ወረድኩ። ሩፋይዳም ቡታጅራ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆና ተቀጠረች፤ የተራራው ቤት ተዘጋ።

ዓረፋ ደረሰ። ጎረቤት ነንና ተጠርተን ክትፎውን እየበላን ሳለ ሙንታሲር አባቱ አጠገብ ተጠግቶ ተቀመጠ። ቋንቋው ለስላሳ ነው፤ መርካቶ ያስተማረው።

«አባ፣ እዚህ ብርድ ላይ ብቻህን አትቀመጥም። ከኔ ጋር አዲስ አበባ ትኖራለህ። እዚህ ትልቅ ሥራ ልንሠራ ነው፤ ያንተ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

ጋሽ ሸምሶ ጉርሻቸውን ወደ ሳህኑ መለሱ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ።

«እናትህ የተከለችው እንሰትስ?»

«እንሰት ምን ያደርጋል አባ? ቆጮ እንደሆነ ገበያው ሞልቷል።»

ለእናቱ ልቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ ያበላው ያ እንሰት ነው፤ እሱ ደግሞ ልጇ ነው። በጥፊ ባቀምሰው ደስ ባለኝ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉ ጋሽ ሸምሶ ቀስ ብለው። «እኔ ሞኙ አጥር አጥር ስጠብቅ፣ ሌባው ገበታዬ ላይ ተቀምጦ ይበላ ነበር። አልፈርምም። ብላና ሂድ።»

ሙንታሲር ለመነ፣ ተቆጣ፣ በሸሪኮቼ ፊት አዋረድከኝ አለ። በዓሉ ሳያልቅ ተነሥቶ ሄደ። ጋሽ ሸምሶም በማግሥቱ ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ባጃጄ ውስጥ ገቡ። እዚያች ሆቴል አድርሰኝ አሉኝ።

ሩፋይዳ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ ነበር። ስታያቸው ልትነሣ ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ አባቷ።

«ወዓለይኩም ሰላም፣ አባ።»

«በድዬሻለሁ» አሉ። በዕድሜያቸው ይህን ቃል ለማንም ሲሉ አልሰማሁም። «ከሁሉም አብልጬ የማይጠረጠረውን አንቺን ጠረጠርኩ፤ መጠርጠር ያለበትን አመንኩ። ቤቱ ከነእንሰቱ ያንቺ ነው። ተነሽ፣ እንሂድ።»

እኔ እንባዬ መጣ። አሁን ተነሥታ ታቅፋቸዋለች ብዬ ሻንጣዋን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ። እሷ ግን እጇን ባንኮኒው ላይ አጣጥፋ ተመለከተቻቸው።

«ይህን ስትል ማን ሰማ?» አለች።

«እኔ ብዬሻለሁ አይደል እንዴ! ይኸው ይሄ ልጅም ሰምቷል።»

«አባ፣ እኔ ያንተ ልጅ ነኝ። በቃል አላምንም። ሽማግሌ ይቀመጥ፤ ሙንታሲር ይጠራ፤ በሱ ፊት ተናገረው። ያን ጊዜ እመጣለሁ።»

ጋሽ ሸምሶ ከዘራቸውን አነሡና ወደ እኔ ዞሩ። «ባጃጅህን አስነሣ፤ ሽማግሌዎቹ ዘንድ እንሂድ» አሉኝ። በሩ ላይ ሲደርሱ ትከተላቸው እንደሆነ ዞር ብለው አዩ። ሩፋይዳ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።