ከፈተናው በፊት ያበጠ አውራ ጣት

ናዝሬት ገበያ ዳር ዓሣ እሸጥ ነበር። ጠዋት ከቆቃ የሚመጣውን አውቶቡስ ጠብቄ፣ በጆንያ የታሰረውን ቆሮሶ ዓሣ ተቀብዬ፣ ቅርፊቱን ፍቄ ሆዱን እጠርጋለሁ። በጾም ወራት አንዱ «ዓሣ ይበላል» ይላል፣ ሌላው «አይበላም» ይላል፤ እነሱ ሲከራከሩ ዓሣው ያልቅልኛል። እኔ ክርክራቸውን እወደው ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቆሮሶ ጀርባው ላይ እሾህ አለው። ያልለመደ ሰው ይወጋል፣ የለመደም ይወጋል። አንድ ሰኞ የቀኝ አውራ ጣቴን ከጥፍሬ ጥግ ወጋኝ። ነቀልኩት፣ ደሙን መጠጥኩት፣ ረሳሁት። ማክሰኞ ቀላ። ረቡዕ የጥፍሬ ዙሪያ አብጦ፣ ውስጡ ሌላ ልብ የተቀመጠ ይመስል ይመታ ጀመር። ጥፍረ መጥምጥ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ያህል ባልተጨነቅኩ። ያስጨነቀኝ እሑድ ነው። በደርግ ጊዜ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ቀበሌ አዳራሽ ገብተን መሠረተ ትምህርት እንማር ነበር፤ እሑድ ደግሞ ፈተና ነው። ያልተፈተነ ሌላ ዙር ይጠብቃል።

ለምን እንደቸኮልኩ ልንገራችሁ። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ስንቀበል እንፈርማለን። እኔ የምፈርመው በዚያው አውራ ጣቴ ነበር። ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ ጣቴን ይይዝና ቀለሙ ላይ ይጫነዋል፣ ከዚያ መዝገቡ ላይ ይጫነዋል። የቢሮው ማኅተም እንጂ የእኔ ጣት አይመስልም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ሰልፉ ረጅም ነው። ግን የዓሣው ሽታ በሎሚ ሲለቅ ያ ቀለም አይለቀኝም ነበር። ስሜን በራሴ እጅ ጽፌ መፈረም ፈለግኩ። የትምህርቱ ፍላጎቴ ይኸው ነበር።

እና ጣቴን ማከም ያዝኩ። መጀመሪያ ሎሚ በስቼ ጣቴን ከተትኩበት፤ አቃጠለኝ እንጂ አልረዳኝም። ከዚያ ከሱቅ ቴትራሳይክሊን በፍሬ ገዛሁ። ያኔ ማንም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፤ የተላጠ ጉልበትም ይሁን የተቆረጠ እግር፣ ፍሬውን ከፍቶ ዱቄቱን መነስነስ ነው። እኔማ ብሶብኝ በቅቤ ለወስኩትና ጥፍሬን ዙሪያውን መረግኩት። ሲደርቅ እንደ ጭቃ ግድግዳ ጠነከረ። ደስ አለኝ። ዳንኩ አልኩ።

ሐሙስ አዳራሽ ውስጥ እርሳሴን ይዤ «መ» ልጽፍ ስል ከእጄ ወደቀ። አንስቼ ያዝኩት፣ ደግሞ ወደቀ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጎረቤቴ ነበረች፤ የደራ ልጅ፣ ቅቤ ነጋዴ፣ በኦሮምኛ ሰላም ብላ በአማርኛ የምትሰድብ።

«ምነው፣ ፊደሉ ከበደሽ?» አለችኝ።

«ጣቴ ነው።»

«እስቲ አምጪው። ዋይ! ምን ለጠፍሽበት? ቤት ልትሠሪበት ነው?»

«መድኃኒት ነው እኮ!»

«መድኃኒትማ ይዋጣል። እኛ አገር ላም ሰኮናዋ ሲያብጥ ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ እናቆማታለን እንጂ አንመርገውም።»

«እኔ ላም ነኝ?»

«ላምማ ብትሆኚ ወተት በሰጠሽን። ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ!»

አልነሳም አልኩ። አዳሚ ቱሉ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ ሽንኩርት ስትለቅም ጣቷን በእሾህ ተወግታ ኋላ ጣቷ የተቆረጠ ሴት አይቼ ነበር። የእኔንም ቢቆርጡትስ? ያለ አውራ ጣት ማን እርሳስ ይይዛል? አስተማሪያችን ሹክሹክታችንን ሰምታ መጣች፤ ጣቴን አየች።

«እትዬ፣ በዚህ ጣት እሑድ ምን ሊጽፉ ነው? ይሂዱ፣ የዛሬውን እኔ አስጠናዎታለሁ» አለችኝ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበረው ድሬሰር ሽማግሌ ነው፤ የመነጽሩ አንድ ጆሮ በክር የታሰረ። ጣቴን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው።

«ማነው የመረገው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ምርጊቱስ ጥሩ ነው። መግሉ ግን በየት ይውጣ? በሩን ዘጋሽበት፣ ወደ ውስጥ ሄደ።»

ጎረቤቴ ከኋላዬ ሆና፣ «የጨው ውሃ ብያት ነበር!» አለች።

«ደግ ብለሻል። ከማን ተማርሽው?»

«ከላማችን።»

ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ። ለብ ያለ የጨው ውሃ በሳህን አቅርቦ ጣቴን ነከረልኝ፤ ምርጊቱ እየላላ እየላላ ለቀቀ። ትንሿን ምላጭ ሲያነሳ አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ይቆረጣል?»

«ምኑ?»

«ጣቴ።»

«ጣትሽን ቆርጬ ምን ላደርገው? አሥር አለኝ እኮ።»

ማደንዘዣ ወጋኝና የጥፍሬን ጥግ ቀና አድርጎ ከጎኑ ትንሽ ከፈተው። መግሉ ሲወጣ ያ የሚመታው ነገር ወዲያው ዝም አለ። ከሰኞ ጀምሮ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ተሰቅሎ ኖሯል፤ ሲወርድ ተሰማኝ። ጣቴን በፋሻ ጠቅልሎ ፔኒሲሊን ወጋኝ። «በቀን ሦስቴ የጨው ውሃ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ። እስኪድን ዓሣ እንዳትነኪ» አለኝ።

ቀጥሎ መዝገቡን ገለጠ። «ለመርፌው ፈርሚ» ብሎ በልማድ ቀለሙን ሳበና እጁን ወደ ቀኝ አውራ ጣቴ ዘረጋ። ያገኘው ራሱ የጠቀለለውን ፋሻ ነው።

«እሺ፣ ግራሽን አምጪ።»

ግራዬን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ። «እስክሪብቶ ይስጡኝ» አልኩት።

ሰጠኝ። በጠቋሚና በመሃል ጣቴ መካከል ሰካሁት። ስሜ አራት ፊደል ነው፤ አንዱን ስጨርስ እያረፍኩ ጻፍኩት። ሦስተኛዋ ከመስመሩ ወረደች፣ አራተኛዋ ልታነሳት የጎነበሰች ይመስል አዘነበለች።

ሽማግሌው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየው። «ሦስተኛዋ ታማለች» አለ፤ ከዚያ ስሜን ጮክ ብሎ ከመዝገቡ አነበበው። በዕድሜዬ ሰው ስሜን ከጻፍኩት ላይ ሲያነበው ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነው።

እሑድ በዚያው አያያዝ ተፈተንኩ። ከአዳራሹ የወጣሁት መጨረሻ ነው፤ ጎረቤቴ በመስኮት «መጽሐፍ ነው እንዴ የምትጽፊው?» እያለች ስትጮህብኝ ነበር። ሁለታችንም አለፍን። እሷ ከእኔ በልጣ አለፈች፤ እስከዛሬ ላሟን ታመሰግናለች።

አሮጌው ጥፍሬ ከሳምንታት በኋላ ወደቀ፤ ከሥሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳ አዲስ ብቅ አለ። አሁን የልጅ ልጆቼ ጥፍራቸውን ነክሰው ጣታቸው ሲቀላ ውሃ ለብ አደርጋለሁ፣ ጨው እጨምራለሁ፤ መግል ከቋጠረ ግን ወደ ሐኪም ነው። የመድኃኒት ዱቄት ቤቴ አይገባም።

አውራ ጣቴ ከዳነ ስንት ዘመኑ። እስክሪብቶ ግን ዛሬም በጠቋሚና በመሃል ጣቴ መካከል ነው የምይዘው፤ ልጆቹ ይስቁብኛል። ይህንንም የጻፍኩት እንደዚያው ይዤ ነው።