ሰው የሌለበት ኮርቻ

ከቢሮዬ መስኮት ሥር ዝናብ የመታው ፈረስ ቆሟል። የእርጥቡ ኮርቻ ሽታ ሲገባ አያቴ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ በወንድሜ ላፕቶፕ የካርቱን ፈረስ ሣልሁ። ለሆዱ ትልቅ ክብ፣ ለራሱ ትንሽ ክብ አድርጌ ቀይ ኮርቻ ጫንሁበት። አያቴ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ።

“ልጄ፣ ሰው አስቀምጭበት፤ አለዚያ ኮርቻውን አውርጂው። ተጭኖ ባዶውን የሚጎተት የሟች ፈረስ ነው።”

“እንግዲያ እርስዎን ላስቀምጥዎት” ብዬ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ሣልሁበት።

“አፍንጫዬን አስረዘምሽብኝ!” ብለው ሳቁ።

በለቅሷቸው ዕለት ፈረሳቸው ኮርቻው ተጭኖ ባዶውን ሲጎተት አየሁ።

ዛሬ ያን ሥዕል ለልጆች መጽሐፍ የፈለገ ደንበኛ “ፈረሱን ብቻ ላኪልኝ” አለኝ። አያቴን ያኔ ላፕቶፑ ላይ ከፈረሱ በተለየ ንብርብር ስለሣልኋቸው፣ በአንድ ንክኪ እሳቸው ብቻ ጠፉ። ኮርቻውን ለማውረድ ግን እጄ እንቢ አለኝ።