ፔዳሉ የጠፋባቸው ቀን

ሲያትል በዲቪ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ሌክ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ከቤቴ ጀርባ ያለ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን ሲመታ ሰምቼ ገባሁ። አዲስ አበባ ፒያኖ ተምሬያለሁ፤ እዚህ ግን ሥራዬ መጦሪያ ቤት አረጋውያንን ማጠብና ማልበስ ነበር። ተጫዋቹ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ናቸው። ኖታ እንደማነብ ስነግራቸው አጠገባቸው አቆሙኝ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ገጽ እየገለጥኩላቸው አራት ዓመት አለፈ።

ሰውዬው የሚወዱት ባሮክ የሚባለውን የጥንት ዘመን የኦርኬስትራ ሙዚቃ ለኦርጋን አስማምተው መጫወት ነበር። ቫዮሊኖቹን በሁለት እጃቸው፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ባሱን፣ በእግራቸው ከሥር የሚረገጡት ቁልፎች፣ ፔዳሉ ላይ። ስቀው፣ "ሃያ ሰው ከየት አመጣለሁ? እግር ግን አለኝ" ይሉኝ ነበር።

ሚስታቸው በወጣትነታቸው ታኮማ ከተማ ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር። በካንሰር ሲሞቱ፣ ሰውዬው ለመታሰቢያው ቀን ሚስታቸው ይወዱት የነበረውን የቫዮሊን ኮንሰርቶ ክፍል በኦርጋን ለመጫወት ወሰኑ። ሌት ተቀን ያንኑ ለኦርጋን እያስማሙ ይጽፋሉ።

ልምምድ ላይ የቀኝ ካልሲያቸው ደም ጠጥቶ አየሁ። ስኳር እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ እንዲህ ስኳር ያደነዘዘው እግር ደግሞ በየቀኑ አጥባለሁ።

"እግርዎ ይሰማዎታል?" አልኳቸው።

"ገጹን ግለጪ" አሉኝ።

የመታሰቢያው ዕለት ሦስተኛው ገጽ ላይ እግራቸው ሳተ። ከዚያ ጭራሽ ፔዳሉን አጣው። በጨለማ ደረጃ እንደሚፈልግ ሰው ወዲያ ወዲህ ይዳብሳል። እጃቸው አላቆመም፤ ግን ከሥሩ የሚይዘው ባስ የለም። መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ሆኜ ባሱን በግራ እጄ ያዝኩት። እስከ መጨረሻው አብረን ሄድን። ሰው ሁሉ አለቀሰ። የተነጋገርንበት መስሏቸው ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ እስኪሆን ከአግዳሚው አልተነሡም።

"ማን ግቢ አለሽ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ባሱ ሲጠፋ ጊዜ…"

"ስህተቱ የእኔ ነበር። ለሚስቴ የማቀርበው እኔ ነኝ፣ ከነስህተቴ። እሱን ወሰድሽብኝ።"

ይቅርታ አልኳቸው። ኖታቸውን ሰብስበው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ወደ ኦርጋኑ አልተመለሱም። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ የሆኑት ሴትዮ እሑድ እሑድ እንድጫወት ጠየቁኝ። የሰውዬውን ፈቃድ ለማግኘት ሦስቴ ደወልኩላቸው፣ አያነሡም። እምቢ ማለት ነበረብኝ ይሆናል፤ ግን ጣቶቼ ስንት ዓመት ቁልፍ ናፍቀው ነበር። እሺ አልኩ።

እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጦ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው።

"ትጫወቻለሽ አሉ" አሉኝ።

"አዎ። ፔዳሉን ገና እየተማርኩ ነው።"

"ተረከዝሽን አታንሺ" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ነርሷ ስትመጣ ወጣሁ።

በዚያው ክረምት ሞቱ። ልጃቸው ደውላ፣ "አባዬ በቀብሬ ሙዚቃ አይኑር ብሏል። አንቺን ቅር እንዳይልሽ" አለችኝ። ቅር አለኝ። የቀብሩ ዕለት ኦርጋኑ ተዘግቶ፣ ኮቴን እንደለበስኩ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጸሎቱ ባጭሩ ተነበበ፤ ሰው ሲያስል ይሰማል። ልጃቸው ስትወጣ እጄን ጨበጠችኝና ወደ መኪናዋ ሄደች።