እሳቱ የአባቴ፣ ቁልፉ የአጎቴ

ልጅ እያለሁ መንደራችን ዘመሮ ውስጥ አንዲት መኪና ለማስነሳት ሁለት የሚጠላሉ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። አንደኛው አባቴ ነው፤ ሁለተኛው ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ተክሌ። መኪናዋ አያቴ ትተዋት የሞቱት አሮጌ ላንድሮቨር ናት። የተጣሉትም በዚያው በአያቴ ተዝካር ላይ ነው። ጋሼ ተክሌ የእናቴን ዘመዶች በር ላይ አስቀምጠው መጨረሻ አበሏቸው፤ አባቴም ዳሱ መሀል ቆሞ ለወንድም የማይባል ተናገረ። በቃ፣ በዚህ ተቆራርጠው ቀሩ። እናቴ «ወንድማማች ሲጣላ እውነት ይመስላል ለሌላ» እያለች ትጽናና ነበር። እኔ ግን ከእነሱ ጠብ የበለጠ እውነት አይቼ አላውቅም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ለአንድ ሳህን ወጥ!

ሽማግሌ ቢመላለስ አልሆነም። ማሳ በገመድ ይለካል፣ በግ ተቆጥሮ ይካፈሉታል፣ መኪና ምኑ ይከፈላል? መንጃ ፈቃድ ያላቸው ጋሼ ተክሌ ብቻ ስለሆኑ ቁልፉ እሳቸው ጋ ይሁን ተባለ። ሞተር የሚያውቀው ደግሞ አባቴ ብቻ ነበር። «ቁልፉ የእሱ ከሆነ እሳቱ የእኔ ነው» አለ፣ እንዳለውም አደረገ። ከገበያ በተመለሱ ቁጥር ኮፈኑን ይከፍታል፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ይፈታል፣ ክዳኑንና ውስጡ የምትሽከረከረውን ሮተር በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ቤቱ ይገባል። ያለ እነሱ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መሐል ሜዳ ገበያ ለመውጣት፣ ሁለቱ ቤት የግድ ይገናኛል። ለእኔ ሳምንቱ ማለት ያች ቀን ነበረች። ብዙዬን፣ የጋሼ ተክሌን ልጅ፣ በሌላ ቀን ማግኘት ክልክል ነው፤ ከወንዝ ውሃ ስትቀዳ ባያት እንኳ ፊቴን ማዞር ነበረብኝ። እኔ ደግሞ ከእሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም። ቅዳሜ ማለዳ ግን የገብሱ ጆንያ ላይ ወጥተን አንድ የሱፍ ባና እንለብሳለን። የረጠበ ሱፍ፣ ቤንዚንና የበግ በጠጥ ይሸተናል። ጉሙ ወርዶ የመኪናዋ አፍንጫ አይታይም። በእጃችን ቆሎ ይዘን እንወራረዳለን፦ ዛሬ ቀድሞ የሚሳደበው ያንቺ አባት ነው የኔ?

አባቴ ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ፣ እሳቷን የምትቆራርጠውን ፑንቲና በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ክዳኑ የያዘውን ጤዛ በሸሚዙ ጫፍ ያደርቃል። ጋሼ ተክሌ መሪው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሁለቱ በክንድ ርቀት ናቸው፤ የሚነጋገሩት ግን በእኔ በኩል ነው።

«በይ ለዚያ ሰው ንገሪው፣ ሳልለው ቁልፉን እንዳይነካ።»

«ለአባትሽ ንገሪው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ጠላውን ቀነስ ያድርግ።»

ሁለቱም የሰሙትን ደግሜ አሰማለሁ። ብዙዬ ባናው ውስጥ አፏን አፍና ትስቃለች። ከዚያ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ይስልና ይነሳል። አባቴም መንገድ ላይ ብትቆም የሚጠግናት የለምና፣ እየተነፋ ከወንድሙ ጎን ይቀመጣል።

አንድ ዓመት ለፋሲካ ገበያ፣ በጎቹ ተጭነው እየጮሁ አባቴ ከቤት አልወጣም አለ። ጋሼ ተክሌ ጠላ ቤት «የኔ መኪና አጣቢ» ብለውታል የሚል ነገር ሰምቷል። «አሞኛል» ብሎ ተከናንቦ ተኛ። ሰው ሁሉ በእግሩ ወጣ፣ ገበያው አለፈ፣ በጎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ጋሼ ተክሌ አጥራችን ላይ ቆመው፣ «የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ፣ ከእንግዲህ የዚህን ሰው እጅ ብጠብቅ!» ሲሉ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። መሐላ መስሎኝ ነበር። ለካ ምክር ነው፤ ሲመክሩበት ከርመዋል።

ከፋሲካ በኋላ ከአዲስ አበባ መካኒክ ይዘው መጡ፣ ከእሱም ጋር አዲስ ዲስትሪቢዩተር። ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ፑንቲና የሚባል የለውም፣ የራሱ ክዳንና ሮተር አለው፣ አይፋቅም፣ ጉምም ብዙ አይፈራም። ቅዳሜ ማለዳ፣ ገብሱ እንደተጫነ፣ መካኒኩ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ተከለ፤ ሞተሩን እያዳመጠ ትንሽ አዞረው፣ ከዚያ አጠበቀው። ጋሼ ተክሌ ቁልፉን አንዴ ቢያዞሩት ተነሳች።

አባቴ ድምፁን ሰምቶ ሲሮጥ ወጣ፣ ክዳንና ሮተሯን የጠቀለለበትን ጨርቅ በእጁ እንደያዘ። ያለ እሱ ስትነሳ ሰምቶ አያውቅም። ጋሼ ተክሌ በመስኮት ብቅ አሉና፣ ከተጣሉ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በቀጥታ እሱን አናገሩት።

«እንግዲህ ቀቅለህ ብላት!»

እኔ እንደ ወትሮዬ ጆንያው ላይ ወጥቼ ነበር። «አንቺም ውረጂ» አሉኝ። ብዙዬ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች፤ «እጅሽን አንሺ!» ብለው ሲጮሁባት ለቀቀችኝ። ወረድኩ። መኪናዋ አንዴም ሳትስል ሄደች። እነሆ ዛሬ ድረስ ያንን መካኒክ እረግመዋለሁ፤ ምን በድሎኝ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ስድብ የለ፣ መልእክት የለ፣ ቅዳሜ የለ። አባቴ ለብዙ ጊዜ ቅዳሜ ማለዳ ተነስቶ ጫማውን ያደርግና መደቡ ላይ ይቀመጥ ነበር። ጋሼ ተክሌ ቤታቸውን ነቅለው ደብረ ብርሃን ገቡ። ብዙዬ ስትዳር የሰማሁት ከሰው አፍ ነው።

ዛሬ የራሴ መኪና አለኝ፤ ቁልፍ እንኳ የላትም፣ አዝራር ስጫን ትነሳለች። ማንንም ደጅ አልጠናም፣ ማንም እኔን አይጠብቅም። ሰው እንዴት ጠብ ይናፍቃል? እኔን ይናፍቀኛል። ያ ክፉ ጠብ ከዛሬው ሰላማችን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ በየሳምንቱ ያገናኘን ነበር።

አምና ጋሼ ተክሌ አርፈው ለቅሶ ደረስኩ። ብዙዬ ጥቁር ለብሳ ከሴቶቹ መሀል ተነሳችና ሳመችኝ። ወፍራለች፣ እኔም ሸብቻለሁ። በትሕትና፣ ለእንግዳ እንደሚባለው፣ «ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆችስ?» አለችኝ።

አግብቼ አላውቅም።

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት፤ ቦታ ለቀቁልኝና ተቀመጥኩ።