የታሸገው ኮክ

የባሌ አባት አምቦ እኛ ዘንድ ሊኖሩ ከጊንጪ የመጡ ለት ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ልጄን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓት። ቀጭን ክንዷን በአውራ ጣታቸውና በትንሿ ጣታቸው ከበቡት። ጣቶቻቸው ተገናኝተው ተላለፉ። ከዚያ እጃቸውን ሳያነሱ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እኔ እዚያው በር ላይ ጠላኋቸው።

ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር። ክፉኛ ተቅማጥ ይዟት ከተነሳች በኋላ ምግብ አልጠጋም አለች። ገንፎ ሲቀርብላት ጥርሷን ትነክሳለች፣ እንቁላሉን ትተፋዋለች። ጤና ጣቢያ የምግብ እጥረትን በሚያሳይ ባለ ቀለም ሜትር ክንዷን ለክተው፣ «ቢጫው ላይ ናት፤ ወደ ቀዩ እንዳትወርድብሽ» ብለውኛል። አማቴ ግን እኔ ያላወቅሁት ይመስል ጠዋት ጠዋት በእነዚያ ሁለት ጣቶች ይለኳታል። ገበታ ላይ ሲጸልዩ ደግሞ ክሴን ለላይኛው ያቀርባሉ፤ «ጌታ ሆይ፣ ለዚህች ቤት እናት ማስተዋልን ስጣት።» «አሜን» እላለሁ፤ ምን ልበል? ባሌ ሳህኑን ያያል። ከልጅቷ ጋር የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው፣ የሚስቁትም በኦሮምኛ። አማርኛውን ለእኔ ያስቀመጡት ለቁጣ ነበር።

ልጄ እሺ ብላ የምትበላው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኮክ። ክረምት ሲገባ ሴቶች በባልዲ መንገድ ዳር ያወጡታል። ጭማቂው እስከ ክርኗ እየወረደ ስትበላ አይቼ አልጠግብም። ግን ኮክ ከክረምት አያልፍም፤ ገዝተው ቤት ቢያሳድሩትም ቶሎ ይልፈሰፈሳል። ኮኩ ሲያልቅ ምን እንደማበላት አላውቅም ነበር።

የማስተምርበት ግቢ ቤተ ሙከራ ውስጥ ፍራፍሬን አቀዝቅዞ የሚያደርቅ ማሽን አለ። ኃላፊው እየተነጫነጨ ፈቀደልኝ። ኮኩን ልጦ፣ ቆራርጦ፣ ድንጋይ እስኪሆን ማቀዝቀዝ ነው። ከዚያ ማሽኑ በውስጡ ያለውን አየር መጥጦ ያወጣል፤ በረዶውም ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ተንኖ ይሄዳል። የሚቀረው ኮኩ ራሱ ነው፤ ቀለሙ ያው፣ ሽታው ያው፣ ክብደቱ ግን የፈንዲሻ ያህል። ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ፍሬ አይጠቁርም፣ አይጨማደድም፤ ለሰውነት የሚጠቅመውም አብዛኛው ሳይጠፋ ይቆያል። የማይችለው እርጥበትን ብቻ ነው። አየር ካገኘው ከአየሩ ላይ እርጥበት ጠጥቶ ይበላሻል። ስለዚህ በብርማ ከረጢት እየከተትኩ፣ አፉን በጋለ ብረት እያጣበቅሁ ቁም ሳጥን ሞላሁ። ልጄ የመጀመሪያውን ቁራጭ ስትነክሰው ኩርሽም አለ። ደንገጥ ብላ ሳቀች። ሌላ ጠየቀችኝ። በዚያ ቀን በደስታ አለቀስኩ።

አማቴ አልሳቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጊንጪ ላይ እህል የነገዱ ሰው ናቸው። የእህል ነጋዴ ደግሞ የታሰረ ጆንያ አያምንም። ክንዱን እስከ ክርኑ ይሰድና ከታች ዘግኖ ያሸታል፤ ላይ ላዩን የሚያምር፣ ከሥሩ ነቀዝ የፈጀው ስንት ጆንያ አይቷልና።

«ምንድነው ይሄ የደበቅሽው?» አሉኝ ከረጢቶቹን በጣታቸው እየወጉ።

«ኮክ ነው አባባ። እንዳይከፍቱት አደራ፤ አየር ከነካው ይበላሻል።»

«እህል ይተነፍሳል። የማይተነፍስ ሬሳ ነው። ለልጄ ልጅ ሬሳ ታበያለሽ?»

መልስ ሳይጠብቁ «ኮቱ» ብለው ልጄን ከጎኔ ጠሯት፤ እሷም ነይ ሲሏት እየሮጠች ሄደች።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ እዚህ አገር ክረምቱን ቤት የከረመ እህልና በርበሬ ወጥቶ ፀሐይ ይመታል። የኔ ሰውዬ እኔ ክፍል ገብቼ ሳስተምር ከረጢቶቹን አንድ ሳያስቀሩ በሰንጢ ቀደዱና ኮኩን ግቢው መሃል ሸራ ላይ አሰጡት። ከሥራ ስመለስ ቁጢጥ ብለው እንደ ስንዴ በእጃቸው ያገላብጡታል። ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሳሁ። እንደ ማስቲካ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ዝንቡም ንቡም ሰፍሮበታል።

«ነቀዝ እንዳይገባው ፀሐይ አስመታሁልሽ» አሉኝ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው።

በእነሱ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ከተጋባን ጀምሮ ያ ስም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ያንኑ ስም የያዘ ተማሪ ክፍሌ ሲገባ እንኳ በአባቱ ስም ነበር የምጠራው። ያን ቀን ግን ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ እያየ በስማቸው ጠራኋቸው፤ ያውም በአንተ።

«ልጄን ገደልካት!» አልኩ።

እጃቸው ሸራው ላይ ቀረ። ጎረቤቶቹ ከአጥሩ ላይ አንድ አንድ እያሉ ጠፉ። አማቴ ሰንጢያቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በማግስቱ በማለዳው ሚኒባስ ጊንጪ ገቡ። ባሌ ይቅርታ እንድጠይቅ ለመነኝ። እምቢ አልኩ። ዛሬም አልጸጸትም።

የተጣበቀውን ኮክ ቀቅዬ ሞከርኩ፤ ተፋችው። መንገድ ዳር አንድ ፍሬ ኮክ የለም። ሙዝ አልኩ፣ ፓፓያ አልኩ፤ ፊቷን አዞረች። ማሽኑም ለተማሪዎች ሥራ ተይዟል፣ እስከ ኅዳር አይለቀቅም ተባልኩ። ልጄ ዓይኔ እያየ ከሳች። ይባስ ብላ ጠዋት ስትነሳ አያቷን ትጠራለች። እኔ ደግሞ ክንዷን ለማየት የልብሷን እጅጌ ስሰበስብ በሆዴ እረግማቸው ነበር።

ኅዳር ላይ የሚኒባስ ረዳት አንድ ጆንያ በራችን ላይ አወረደ። «ከጊንጪ ነው፤ ሽማግሌው ልከውልሽ ነው። ወንጪ ድረስ በፈረስ ወጥተው ነው ያመጡት አሉ።» ይህን ባልሰማሁ ይሻለኝ ነበር። የጆንያው አፍ በወፍራም ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። አላመንኳቸውም። ስፌቱን በጠስኩ፣ ክንዴን እስከ ክርኔ ሰደድኩ፣ ከታች አውጥቼ አሸተትኩ። ገብስ ገለባ ውስጥ አንድ በአንድ የተቀበረ የደጋ ፖም ነበር። ሁሉንም አገላብጬ አየሁ። አንድ የበሰበሰ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አላገኘሁም።

ልጄ ጥሬውን ፖም ነክሳ ተፋችው። በዚያው ሰሞን ማሽኑ ሲለቀቅ ግን ስስ ስስ አድርጌ ቆርጬ አደረቅሁትና አንዱን ሰጠኋት። ኩርሽም አለ። ቆም ብላ አዳመጠች፤ ከዚያ እጇን ዘረጋች። ሌላውን ሁሉ አሽጌ ቁም ሳጥኑን መልሼ ሞላሁት። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ እፍኝ እሰጣት ጀመር፤ ቀስ በቀስም ከአጠገቡ የቀረበላትን ገንፎ መቅመስ ጀመረች። ለሽማግሌው የምስጋና ቃል አልላክሁም።

ለገና ማንም ሳይጠራቸው መጡ። «እንደምን ዋልሽ» አሉኝ፤ «እግዜር ይመስገን» አልኩ። በቀጥታ ሄደው ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። ከኋላቸው ቆምኩ። አንዱን ከረጢት አንስተው ጆሯቸው ላይ ነቀነቁት፤ ዞር ብለው አዩኝና መልሰው ቦታው አስቀመጡት። ገበታ ላይ ለዚህች ቤት እናት ማስተዋል እንዲሰጣት ጸለዩ። ያንን እንኳ አልተዉም። «አሜን» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ከዚያ «ኮቱ» አሏት ልጄን። ሄደች። እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰቡ፣ አውራ ጣታቸውንና ትንሿን ጣታቸውን በክንዷ ዙሪያ አዞሩ። ባሌ ከሳህኑ ቀና አለ። እኔም ሳላስበው ተጠግቼ አጠገባቸው ተንበርክኬያለሁ። ጨበጥ አድርገው ሞከሩ። እንደገና ሞከሩ።

ጣቶቻቸው አልተገናኙም።